አቶ ቢተውና ሁለቱ መኪኖች

አቶ ቢተው መሞታቸውን የሰማሁት ባሕር ዳር አውቶቡስ መናኸሪያ ቆሜ ነው። የነገረኝ የፍኖተ ሰላም ሰው፣ የጥንት ጎረቤታቸው ነበር። «ነፍስ ይማር በል እንጂ» ብሎ ትከሻዬን ነካኝ። እንባ አልመጣልኝም። የመጣብኝ ንዴት ነው። ለካ ሐኪሞቹ «አዲስ አበባ ሄደው ቶሎ ኦፕራሲዮን ይደረጉ» ካሏቸው ቆይቷል። እርሳቸው ግን ልሂድ የሚለውን ወገን አንድ ቀን፣ ልቅር የሚለውን ወገን ሌላ ቀን እያሟገቱ ክረምቱ ወጣ፣ መስከረም ጠባ። በሽታ ደግሞ እንደ ዳኛ ቀጠሮ አይለውጥም፤ ይዟቸው ሄደ።

«ታዲያ መጨረሻ ላይ ምን ወሰኑ?» አልሁት ሰውየውን።

«እሄዳለሁ ብለዋል የሚል ወሬ ነበር» አለኝ። ጥቂት አሰብ አድርጎ ደግሞ፣ «እቀራለሁ ብለዋል የሚልም ነበር» አለ።

ሳቄ መጣ። ወዲያው እንደገና ተናደድሁ። አቶ ቢተው ማለት እንዲህ ናቸው፤ ሞተውም እንኳ ለሰው አንድ ነገር አያስጨብጡም።

የተዋወቅነው በስድሳዎቹ መጀመሪያ፣ ፍኖተ ሰላም ከፍርድ ቤቱ ፊት ለፊት ባለች አንዲት ቆርቆሮ ቤት ውስጥ ነው። ሁለታችንም ጠበቆች ነበርን። ክፍሏን ተጋርተን፣ ጠረጴዛዎቻችንን ፊት ለፊት ገጥመን እንሠራ ነበር። እኔ ጀማሪ ነበርሁ፤ እርሳቸው ከቡሬ እስከ ደብረ ማርቆስ ያለ ዳኛ ሁሉ የሚያውቃቸው ነገር አዋቂ። ረጅም፣ ትከሻቸው ጎበጥ ያለ፣ ባርኔጣ ከራሳቸው የማይጠፋ ሰው ነበሩ። በልጅነታቸው ቅኔ ቤት ገብተው ተቀኝተዋል። ከዚያ የመጣ ይሁን አይሁን አላውቅም፣ አንድ ቃል አንድ ትርጉም ብቻ ካለው የተሰረቁ ይመስላቸዋል።

ክርክር ላይ ይህ ጠባያቸው ትልቅ ሀብት ነበር። የተቃራኒው ጠበቃ ነገ የሚለውን ሁሉ ዛሬ እኔ ፊት ቆመው ይሉታል፤ ያውም ከእርሱ አሳምረው። ስለዚህ ችሎት ገብተው የሚያስደነግጣቸው ነገር አልነበረም። ከችሎት ሲወጡ ግን መከራ ነው። ምሳ ቤት ገብተን አስተናጋጇ «ሽሮ ነው ምስር?» ስትል ባርኔጣቸውን ያወልቁና ጠርዙን በጣታቸው ያዞራሉ። «ነገሩ ሁለት በር አለው» ይላሉ። እኔ በልቼ እጄን ስታጠብ እርሳቸው ገና ለምስሩ እየተሟገቱ ነው። አንድ ቅዳሜ ጫማ ሊገዙ ገበያ ወጥተው፣ ጥቁሩንና ቡናማውን ሲያመዛዝኑ ውለው፣ ነጋዴው ዕቃውን ጠቅልሎ ሲሄድ በአሮጌው ጫማቸው ተመለሱ።

ያን ጊዜ በአካባቢያችን መኪና ያለው ጠበቃ እርሳቸው ብቻ ነበሩ። መኪና ካልናት ነው። መንገድ ይሠራ ከነበረ አንድ ጣሊያን የገዟት አመድማ አሮጌ የቤት መኪና ነበረች። የከተማው ሰው «እማሆይ» ይላታል፤ ዳገት ባየች ቁጥር ስለምትሰግድ። አንዱ በሯ በገመድ ይታሰራል። ዝናብ ሲመጣ ውስጧ ተቀምጠን ጃንጥላ እንዘረጋለን። ለቡሬ ችሎት በሄድን ቁጥር ከማንኩሳ አለፍ ብሎ ካለው ዳገት ላይ ቀጥ ትላለች። አቶ ቢተው መሪውን ይዘው ይቀመጣሉ፤ እኔ ኮቴን አውልቄ እገፋለሁ። ከኋላዋ የሚወጣውን ጭስ ስውጥ ቆይቼ ዳኛ ፊት ቆሜ «ክቡር ፍርድ ቤት» ስል የሚቀድመኝ ሳል ነበር።

የሚሠራት መካኒክ ሰልችቶት ነበር። «አቶ ቢተው፣ እኔ እኮ መኪና ጠጋኝ ነኝ እንጂ ከመቃብር አስነሺ አይደለሁም» ብሏቸዋል ፊት ለፊት።

በዚህ መካከል አንድ ወሬ መጣ። አቶ ጓዴ የሚባሉ የቡሬ በርበሬ ነጋዴ የጭነት መኪና ሊገዙ አስበው፣ የቤት መኪናቸውን ለሽያጭ አወጡ። ነጭ ናት፤ ብዙም አልተነዳችም፤ አራቱም በሮቿ ይዘጋሉ። እኔ ወሬውን ስሰማ ለራሴ የተገዛች ያህል ደስ አለኝ። አቶ ቢተውም «እንያት» አሉ። ሄድን። በመንገድ እንደ ልማዴ ገፋሁ።

አቶ ጓዴ ቁልፉን ሰጡንና ገብተን በሩን ዘጋን። አቶ ቢተው አነጠሱ። እኔም አነጠስሁ። እርሳቸው ደገሙ። ነጋዴው በኋላ ወንበር ላይ በርበሬ ሲያመላልሱባት ኖረው፣ ሽታው ከጨርቁ ጋር አንድ ሆኗል።

«አይዟችሁ፣ ይለመዳል» አሉ አቶ ጓዴ በመስኮት ብቅ ብለው። «እኔ ካነጠስሁ ስንት ጊዜዬ!»

እስከ ከተማው ዳር ነድተዋት ተመለስን። እዚያ ያለውን ዳገት ሳትቆም ስትወጣው ዓይኔ እንባ አቅርሮ ነበር፤ በበርበሬው ብቻ አይደለም። አቶ ቢተው ግን ግንባራቸውን ቋጠሩ።

«ድምፅ የላትም» አሉ።

«ታዲያ ይህ ደግ አይደለም?»

«እማሆይ ስትታመም ትነግረኛለች። ይህች ዝምተኛ ናት። ዝምተኛ ሰው ሲያመው በምን ታውቃለህ?»

በሌላ ሳምንት መካኒኩን ይዘን ተመለስን። መካኒኩ ኮፈኑን ከፍቶ ሞተሩን ገና ሲያይ «ይግዟት» አለ። አቶ ቢተው «ሳትመረምር?» ብለው ጠረጠሩት። በሌላ ጊዜ የቅኔ ቤት ባልንጀራቸው የነበሩ አንድ መሪጌታ አስከትለው ሄዱ፤ መሪጌታው መኪናዋን ዞረው አይተው አንድ ቅኔ ዘረፉላት። ሁለቱ ሽማግሎች ቅኔው መኪናዋን ያመሰግናል ወይስ ይነቅፋል እያሉ እስከ ፍኖተ ሰላም ሲከራከሩ መጡ። የምገፋው እኔ ነበርሁ።

አንድ እሑድ ቤታቸው ሄድሁ። ባለቤታቸው ወይዘሮ አስካለ ምስር ይለቅማሉ። አቶ ቢተው ሁለት በርጩማ ግራና ቀኝ አስቀምጠው መካከል ላይ ቆመዋል።

«መጣህ? ደግ። አስካለ ዳኛ ናት፤ አንተ ታዛቢ ሁን» አሉኝ።

ወደ ቀኙ በርጩማ ሄዱና ለእማሆይ ቆሙ። ስንት በሽተኛ ለሆስፒታል እንዳደረሰች፣ ስንት ሙሽራ እንደጫነች ተናገሩ። አርጅታለች ተብላ ብትጣል፣ ነገ እኛስ ስናረጅ ማን ያነሣናል አሉ። ድምፃቸው ይንቀጠቀጥ ነበር። እኔ እንኳ ልቤ ራራ። ከዚያ ባርኔጣቸውን አውልቀው ወደ ግራው በርጩማ ተሻገሩና በሌላ ድምፅ፣ እንደ ጎረምሳ ጠበቃ ደረታቸውን ነፍተው ቀጠሉ። «ክቡር ፍርድ ቤት፣ የተከበሩት ባልደረባዬ ያሉት ለቅሶ ነው እንጂ ማስረጃ አይደለም!» ብለው ቅድም የገነቡትን ሁሉ አፈረሱት። ስለ ገመዱ በር፣ ስለ ጃንጥላው፣ ስለ እኔ ሳል ሳይቀር ተናገሩ።

ወይዘሮ አስካለ ከምስሩ ቀና ሳይሉ፣ «ነጯ ትገዛ፤ ተፈርዷል» አሉ።

«ይግባኝ አለኝ!» አሉ አቶ ቢተው በደስታ።

«ለማን?»

«ለራሴ።»

ወይዘሮ አስካለ ሰፌዱን አስቀምጠው ወደ እኔ ዞሩ። «አየህልኝ? አባቱ ስም ሲያወጡ ቢተው አሉት። ያልሰማው ነገር ቢኖር ይኸው ስሙን ነው! ስንት ዓመት ሙሉ ቢተው፣ ቢተው እያልሁ እጣራለሁ፤ አንድም ነገር ሲተው አላየሁም» አሉ። አቶ ቢተው ቅኔው ጣፍጧቸው ሳቁ። እኔ አልሳቅሁም። ትከሻዬ ነበር የሚያመኝ።

አቶ ጓዴ በመጨረሻ መልእክት ላኩ፤ «እስከ ጥምቀት እጠብቃለሁ፣ ከዚያ ወዲያ ለዳንግላ ሰው እሰጣታለሁ» ብለው።

ከጥምቀት በፊት በነበረው ሳምንት አቶ ቢተው ቡሬ ላይ ቀጠሮ ነበራቸው። ባለጉዳይዋ ወይዘሮ የሺ የሚባሉ፣ ከቡሬ በታች ካለ ገጠር የሚመጡ ባልቴት ናቸው። ከአባታቸው የወረሱትን ርስት የሟች ባላቸው ወንድም አርሶባቸው፣ በክርክር ላይ ናቸው። ያ ቀን ማስረጃ የሚቀርብበት ነበር፤ ማስረጃው ደግሞ ያለው ከአቶ ቢተው ቦርሳ ነው። እኔም ቡሬ ትንሽ ጉዳይ ስለነበረኝ በዋዜማው ለመንኋቸው።

«ነገ በአውቶቡስ እንሂድ። ይህ ጉዳይ ለእማሆይ አይሰጥም።»

«እውነትህን ነው። ግን አውቶቡሱ ሰው እስኪሞላ ቢቆምስ?»

በነጋታው ማለዳ ቤታቸው ስደርስ በራፍ ላይ ቆመው አንዴ ወደ አውቶቡሱ መንገድ፣ አንዴ ወደ እማሆይ ያያሉ። «ይወስኑ እንጂ!» እያልሁ ሳለ አውቶቡሱ ክላክሱን እየነፋ በፊታችን አለፈ። ሞልቶ ነበር፤ በሰዓቱም ነበር።

እማሆይ ማንኩሳን አልፋ ከዳገቷ ላይ ሰገደች። የዚያን ቀን ስግደቷ ግን መነሣት የሌለበት ሆነ። ከኮፈኑ ሥር እንፋሎት ፉጨት እያሰማ ይወጣል። ገፋሁ፤ ንቅንቅ አላለችም። አቶ ቢተው ወርደው፣ «እስክትቀዘቅዝ እንጠብቅ የሚሉ ወገኖች አሉ፤ በእግር እንጀምር የሚሉም አሉ» ማለት ሲጀምሩ፣ ቦርሳውን ከእጃቸው ነጥቄ መራመድ ጀመርሁ። ተከተሉኝ። ብዙ ከሄድን በኋላ እህል የጫነ መኪና አግኝተን ከጆንያው ላይ ወጣን።

ፍርድ ቤቱ በር ላይ ስንደርስ ሰዉ እየተበተነ ነበር። ወይዘሮ የሺ ከግንቡ ሥር ተቀምጠዋል። ዳኛው «ማስረጃሽን አቅርቢ» ሲሏቸው «ጠበቃዬ ጋ ነው» ብለዋል፤ ጠበቃው ሲጠራ የለም፤ መዝገቡ ተዘግቷል። ከጎናቸው የባላቸው ወንድም ከዘመዶቹ ጋር እየሳቀ አለፈ።

አቶ ቢተው ባርኔጣቸውን አውልቀው ፊታቸው ቆሙ። ይቅርታ ሊሉ ነው መሰለኝ አፋቸውን ከፈቱ። ወይዘሮ የሺ ቀደሟቸው። አልጮሁም፤ አልተራገሙም።

«ጌታዬ፣ እኔ በእግሬ መጥቼ ደረስሁ» አሉ። «እርስዎ መኪና እያለዎ ቀሩ።»

 ያን ጊዜ የአቶ ቢተው ባርኔጣ እጃቸው ላይ አልዞረችም። እዚያው ከፍርድ ቤቱ ደረጃ ላይ ተቀመጡ። ቦርሳቸውን ጭናቸው ላይ አድርገው መዝገቡ እንዲከፈት ማመልከቻ መጻፍ ጀመሩ። አንድ ቃል አልሰረዙም። ሌላ ጊዜ ለአንድ ማመልከቻ ግማሽ እሽግ ወረቀት የሚጨርሱት ሰውዬ ሳያቋርጡ ጽፈው ፈረሙና ከሰዓት በኋላ ዳኛው ፊት ቀረቡ።

ዳኛው ቁጡ ሰው ነበሩ። «ለመቅረትዎ በቂ ምክንያት አለዎ?» አሉ።

«የለኝም» አሉ አቶ ቢተው። «መኪናዬ ተበላሸች ብዬ ብናገር እውነት ነው፤ ግን ምክንያት አይሆነኝም። እንደምትበላሽ አውቅ ነበር። ባልደረባዬ በአውቶቡስ እንሂድ ብሎ ለምኖኛል። አውቶቡሱ ደጄ ላይ አልፏል። ጥፋቱ የጠበቃው ነው። እኒህ ሴት ግን በሌሊት ተነሥተው፣ ወንዝ ተሻግረው፣ ከችሎቱ በፊት እዚህ ደርሰዋል። ፍርድ ቤቱ የሚቀጣ ከሆነ ያጠፋውን ይቅጣ፤ የቀጠሮውን ቀን ያከበሩትን ሴት በእኔ ስንፍና ከርስታቸው አይንቀላቸው።»

ዳኛው ጠባያቸውን ያውቁ ነበርና ከመነጽራቸው በላይ አዩዋቸው። «የሌላውን ወገን ክርክርስ አያሰሙንም፣ አቶ ቢተው?»

«ክቡር ፍርድ ቤት፣ ይህ ነገር ያለው አንድ በር ብቻ ነው።»

ብዙ ክርክር ሰምቻለሁ፤ የእኔንም ቢሆን። እንደዚያ ያለ ግን አልሰማሁም። ዳኛው ሰው ሁሉ እየሰማ ገሠጿቸው፤ እርሳቸውም ራሳቸውን ዝቅ አድርገው ተቀበሉ። መዝገቡ ተከፈተ። በሚቀጥለው ቀጠሮ ማስረጃው ቀረበ፤ ከፋሲካ በፊትም ወይዘሮ የሺ መሬታቸውን መልሰው አሳረሱ።

ያን ቀን ከችሎት ወጥተን አቶ ቢተው በቀጥታ ወደ አቶ ጓዴ ቤት ሄዱ። ገንዘቡ ከተዘጋጀ፣ ዋጋውም ከተቆረጠ ቆይቷል፤ የጎደለው አንድ ቃል ነበር። «ወስጃታለሁ» አሉ። አቶ ጓዴ አላመኑም። እኔን አዩኝ፤ እኔ ወደ ሰማይ አየሁ። ተፈራረሙ፣ ቁልፉን ተቀበሉ፣ እያነጠስን ከቡሬ ወጣን። ወንበሩ እንዴት ይመቻል! ዓይኔን ጨፍኜ፣ ከእንግዲህ መግፋት ቀረ፣ ተመስገን እል ነበር።

መኪናዋ ስትቆም ዓይኔን ገለጥሁ። ከዳገቷ ላይ፣ ከእማሆይ አጠገብ ነን።

«ምን ሊያደርጉ ነው?»

«ልሰናበታት።»

ሄደው ገቡ። ቁልፉን አዞሩት። ሞተሯ ወዲያው ተነሣች። ቀኑን ሙሉ ቆማ ቀዝቅዛለች፤ ሌላ ምሥጢር የለውም። እርሳቸው ግን ፊታቸው በርቶ በመስኮቱ ብቅ አሉ።

«ሰማህ? ደኅና ናት እኮ!»

«አቶ ቢተው፣ እባክዎ።»

«እዚህ ጥያት ልሂድ? ሌባ እየነቃቀለ ሊጨርሳት?»

«ይጨርሳት!»

«ያችኛዋንስ ጥያት ብሄድ?»

እኔ መንዳት አልችልም። እንግዲህ ዳገት ላይ ሁለት የሚሠሩ መኪኖችና አንድ ነጂ አለን። አቶ ቢተው በሁለቱ መካከል ካለች ድንጋይ ላይ ተቀመጡና ባርኔጣቸውን አወለቁ። በዕድሜ አባቴ የሚሆኑትን ሰው ጮህሁባቸው። ምን እንዳልሁ ዛሬ አልደግመውም። ኮቴን አንሥቼ ወደ ፍኖተ ሰላም በእግሬ መንገድ ጀመርሁ።

ብዙ ሳልርቅ ከኋላዬ ክላክስ ሰማሁ። ነጯ መኪና አልፋኝ ከፊቴ ካለው መታጠፊያ ላይ ቆመች። አቶ ቢተው ወረዱና በእግራቸው ወደ እኔ መጡ። ስንገናኝ ባርኔጣቸውን ብድግ አድርገው፣ «እንደምን ዋልህ?» አሉና ወደ ኋላ አለፉ። አልመለስሁላቸውም። ቆየት ብሎ እማሆይ እየጨሰች አለፈችኝና ከነጯ ፊት ቆመች። ደግሞ ወረዱ፤ ደግሞ ነጯን ሊያመጡ ተመለሱ፤ ደግሞ ባርኔጣቸውን ብድግ አደረጉ። እንዲህ አንዷን እየነዱ፣ ለሌላዋ በእግራቸው እየተመለሱ፣ ሁለቱንም ሊያስገቡ ነው! ማንኩሳ ስንደርስ ሰው ከየቤቱ ወጥቶ ያይ ነበር። እኔ የማላውቃቸው መስዬ ፊቴን አዞርሁ።

ከማንኩሳ ወዲህ ደግሞ ስንገናኝ ፀሐይዋ አዘቅዝቃለች። አቧራ ፊታቸውን አልብሶታል፤ ያነክሳሉ። እንደ ቀድሞው ሰላም ብለውኝ ያልፋሉ ስል ቆሙ።

«ሴትዮዋ በጨለማ ተነሥተው ነው የመጡት» አሉ። «እኔ ያን ሰዓት አልጋዬ ላይ ተጋድሜ አውቶቡስ ወይስ መኪና እል ነበር። ዳኛው መዝገቡን ባይከፍቱልኝ በምን ዓይኔ አያቸው ነበር?»

ምን ይባላል? ኮቴን ከአንዱ ትከሻዬ ወደ ሌላው አዛወርሁ።

«ሂድ፣ ከፊት ያለችው ነጯ ናት። በሯ ክፍት ነው፤ ገብተህ ተቀመጥ፤ ደክሞሃል» አሉኝና እማሆይን ሊያመጡ ወደ ኋላ መንገዳቸውን ቀጠሉ።

ነጯ መኪና ከፊቴ ትታየኛለች። ወንበሯ እንዴት እንደሚመች አውቃለሁ። ዞሬ አየሁ፤ የጎበጠው ትከሻቸው በአቧራው መካከል ይርቃል። ሁለቱንም መኪኖች ረገምሁ፤ የሸጧቸውንም ረገምሁ። ከዚያ ተመልሼ በሩጫ ደረስሁባቸው።

«ምነው፣ ምን ረሳህ?» አሉኝ።

«ዝም ብለው ይራመዱ» አልኋቸው።

ያን ጊዜስ አልተከራከሩኝም፤ አብረን ተራመድን።